ቤንዚን የበዛበት ሞተር በጎጃም መንገድ

የቤንዚን ሞተር ነዳጅ ሲያጣ እንደሚጠፋ ሁሉ ነዳጅ ሲበዛበትም ይጠፋል። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ተሟጦ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ከዚህ ሲያንስ ሞተሩ መጀመሪያ ነዳጅ መብላት ይጀምራል። ቀጥሎ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ይለብሳሉ፣ በመጨረሻም ሞተሩ በሚኒሞ መሥራት ያቅተውና ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ባነሳ ቁጥር ቀጥ ይላል። ችግሩ የትም አገር አለ። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ከመጀመሪያዋ መኪና ጋር አብሮ የገባ ነው፤ መንስኤውም አብዛኛውን ጊዜ የቤንዚኑ መብዛት ሳይሆን የአየሩ መሳሳት ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው የምዕራብ ጎጃም አገር የመካኒኮች ሙያ የዳበረው ይህን ልዩነት በመለየት ነው።

በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ሬጂናልድ ዌልስ ከተባለ መካኒክ ጋር፣ ሲድሌይ መኪና ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ አንስቶ በረሃውንና ዳገቱን አቋርጦ አዲስ አበባ አስገባ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም ተቀመጡባት። በዚያው ዓመት አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሁለተኛዋን መኪና ይዞ መጣ። እነዚህ መኪኖች የተሠሩት ለአውሮፓ ቆላ ነበር፤ ቤንዚን የሚያድልላቸውም ቪልሄልም ማይባክ እ.ኤ.አ. በ1893 የፈለሰፈው ዓይነት በሚረጭ ካርብሬተር ነበር። የካርብሬተር አሠራር ሲታይ ቀላል ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይወርዳል፤ የግፊቱ መውረድ ደግሞ ቤንዚኑን በትንሽ የነሐስ ቀዳዳ ስቦ ያወጣዋል። ካርብሬተር የሚያውቀው የአየሩን ፍጥነት እንጂ ክብደቱን አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ወለል ላይ ካለው አየር ከመቶ 20 እጅ ያህል ይቀላል። ካርብሬተሩ የሚስበው ቤንዚን ግን ከመቶ 10 እጅ ያህል ብቻ ይቀንሳል። ስለዚህ በባሕር ወለል ላይ 14.7 ለአንድ ሆኖ የተስተካከለ ሞተር ቡሬ ሲደርስ 13.2 ለአንድ ይሆናል። ሞተሩ ሲሮጥ ይህን ይችለዋል። ሚኒሞው ግን ከፋብሪካው ሲወጣም ትንሽ ቤንዚን እንዲበዛበት ተደርጎ የሚስተካከል በመሆኑ፣ ከፍታው ሌላ ሲጨምርበት መጀመሪያ የሚታመመው እሱ ነው። ደህና እየሮጠ የመጣ መኪና ከተማ ገብቶ ሲቆም የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ቀድመው የተረዱት የአውሮፕላን ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን አብራሪዎች ከፍ ባሉ ቁጥር ቤንዚኑን በእጃቸው የሚቀንሱበት መሣሪያ ነበራቸው። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲያርፍ፣ ለአውሮፕላን ይህ የማስተካከያ ሥራ የተለመደ ነበር። ለመኪና ግን ያን ጊዜ እንዲህ ያለ መሣሪያ የተለመደ አልነበረም፤ ደጋ ላይ የሚነዳ ሰው የካርብሬተሩን ቀዳዳ አስለውጦ አለዚያም የድብልቁን ብሎን አስጠብቆ ይነዳ ነበር።

ወደ ጎጃም መኪና በብዛት የገባው ከ1928 ዓ.ም. በኋላ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ጣሊያኖች ለጦርነቱ ካመጧቸው የጭነት መኪኖች ዋናዎቹ፣ እንደ ፊያት 634 እና ላንቺያ ሮ ያሉት፣ የናፍጣ ነበሩ። የናፍጣ ሞተር ካርብሬተር የለውም። የሚጨስበት ምክንያት ግን ያው ነው፦ ፓምፑ የአየሩን መሳሳት ሳያውቅ ለቆላው የተመደበውን ናፍጣ ደጋ ላይም ይሰጣል፤ አየር ያጣው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት የጭነቱን ሥራ የተሸከሙት ኤንትሬ የተባሉት የጭነት መኪኖችም የዓባይን አቀበት ሲወጡ ጭሳቸው ከሩቅ ይታይ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

በጥር 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነስተው በኦሜድላ በኩል ወደ ጎጃም ገቡ። በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ጥቂት የጭነት መኪኖች ቢኖሩትም፣ መንገድ በሌለበት ቆላ ጭነቱን በአብዛኛው የተሸከሙት ግመሎች ነበሩ፤ እነሱም በሺህ እየተቆጠሩ አለቁ። ጣሊያኖች የቡሬን ምሽግ በየካቲት ማብቂያ ለቀው በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሹ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ዛሬ ሚኒባስና የጭነት መኪና የሚመላለስበት የቡሬና የደብረ ማርቆስ መንገድ ያን ጊዜ የጦር መስመር ነበር።

በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን ካቋቋመ በኋላ መኪና እየበዛ ሄደ። የጎጃም መንገድ ግን ለብዙ ዓመታት የጠጠር መንገድ ሆኖ ቆየ፤ ጠጠር ማለት ደግሞ አቧራ ማለት ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው የበጋ ወራት አንድ አውቶቡስ ያስነሳው አቧራ ከኋላው የሚመጣውን መኪና ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። የዚያ ዘመን ቮልስና ላንድሮቨር አየር የሚያጣሩት ዘይት ባለበት ማጣሪያ ነበር፤ አቧራው ከዘይቱ ጋር ሲቦካ ጭቃ ይሆናል፣ አየሩም መግቢያ ያጣል። በመሳሳቱ ሞተሩን ያስቸገረው አየር አሁን ደግሞ መንገዱ ይዘጋበታል። በዚህ ጊዜ ካርብሬተር የፈታ መካኒክ ደህናውን ዕቃ አበላሸ ማለት ነው። ምርመራው አጭር ነው፦ ሞተሩ እየሠራ ማጣሪያውን ማንሳት። ሚኒሞው ወዲያው ከተስተካከለና ጭሱ ከሳሳ ጥፋቱ ከማጣሪያው ነው። ማጣሪያውን አንስቶ መንዳት ግን መፍትሔ አይደለም፤ አቧራው ገብቶ ፒስቶንና ሲሊንደሩን ይበላቸዋል።

ቮልስ በኢትዮጵያ እጅግ የተወደደች የቤት መኪና ስትሆን፣ ምርመራን በማስተማርም የሚወዳደራት የለም። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ሶሌክስ ካርብሬተሯ ራሱ የሚከፈት ቾክ ነበረው። ቾክ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የአየሩን በር ዘግቶ ቤንዚን እንዲበዛ የሚያደርግ ክዳን ነው። ክዳኑን የሚከፍተው ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ጥምዝ ምላጭ ሲሆን፣ እሱን የሚያሞቀው ደግሞ ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ የሚያመጣ አንድ ቀጭን ሽቦ ነው። ያ ሽቦ በጠጠሩ መንገድ መንቀጥቀጥ ከተነቀለ ክዳኑ አይከፈትም። መኪናዋ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፣ እንደ ልብ ትሄዳለች፤ ሞተሩ ሲግል ግን ትታፈናለች፣ ትጨሳለች፣ ትጠፋለች። ባለቤቱ ጠዋት ደህና እንደነበረች ይምላል፤ እውነቱንም ነው። ጠዋት ደህና፣ ሲግል ሕመምተኛ መሆኗ ራሱ ምርመራው ነው። መካኒኩ ማጣሪያውን አንስቶ ወደ ጉሮሮው ይመለከታል፤ ሞተሩ ግሎ ክዳኑ ተዘግቶ ካገኘው ሽቦውን መልሶ ይሰካል፣ ሌላ ምንም አይነካም።

ክዳኑ ተከፍቶ ካገኘው ሞተሩን ያጠፋና እዚያው ጉሮሮ ላይ ዓይኑን ይተክላል። ሞተሩ ከቆመ በኋላ ቤንዚን ጠብ ጠብ ማለት የለበትም። ጠብ ካለ ጥፋቱ ከቤንዚን ማጠራቀሚያው ጽዋ ነው። እዚያ ውስጥ የሚንሳፈፈው ዕቃ ቤንዚኑ ሲሞላ ወደ ላይ ተነስቶ በመርፌ መግቢያውን ይዘጋል። ከመርፌው ሥር የአሸዋ ቅንጣት ከገባ አይዘጋም፤ ተንሳፋፊው የነሐስ ሆኖ ከተበሳም ቤንዚን ጠጥቶ ይሰምጣል። የተበሳው ይታወቃል፦ አውጥተው ጆሮ አጠገብ ሲነቀንቁት ውስጡ ቤንዚን ይንቦጫቦጫል። የጥፋቱን ምንጭ በአንድ ደቂቃ የሚናገር እንዲህ ያለ ምርመራ ከካርብሬተር ሥራ ሁሉ እጅግ የሚያምረው ነው።

ካንዴላም የራሱ ቋንቋ አለው። ደህና የሚሠራ ሞተር ካንዴላው ፈዘዝ ያለ ቡናማ መልክ ይይዛል። ደረቅ ጥላሸት የለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ጥቁር የለበሰው ግን ዘይት እየበላ ነው፣ እሱን ካርብሬተር አያድነውም። ጭሱም እንዲሁ ይለያል፦ ጥቁር የነዳጅ፣ ሰማያዊ የዘይት፣ የማያቋርጥ ነጭ የውሃ ነው። አራቱም ካንዴላ ከጠቆሩ ችግሩ የጋራ ነው፣ ካርብሬተር ወይም አየር ማጣሪያ ይመረመራል። አንዱ ብቻ ከጠቆረ ያ ሲሊንደር እሳት አጥቷል ማለት ነው፤ የካንዴላው ገመድ ይመረመራል።

የጎጃም ሾፌር ከሁሉ አስቸጋሪውን ትምህርት የተማረው በዓባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ መኪናው ከ2,500 ሜትር ወደ 1,050 ሜትር አካባቢ ወርዶ እንደገና ወደ 2,400 ሜትር ይወጣል። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድም እንዲሁ ወርዶ ዓባይን ይሻገራል። አቀበቱ ላይ ሞተሩ ሲጠፋ ሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች አንድ መልክ ይዘው ይመጣሉ። አንደኛው ቤንዚኑ በቱቦውና በፓምፑ ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆንና ሞተሩ ቤንዚን ሲያጣ ነው። ሁለተኛው መኪናው ቆሞ ሳለ ከሞተሩ የሚወጣው ሙቀት ካርብሬተሩን አፍልቶ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ሲገነፍል ነው፤ ይኸኛው ይታፈናል። ከፍታ ሁለቱንም ያብሳል፣ ምክንያቱም የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ቤንዚን በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል።

ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ፓምፑ ላይ ውሃ ሲያፈስ ብዙ ጊዜ ይታያል። ለመጀመሪያው ምክንያት መድኃኒት ነው፤ ለሁለተኛው ግን ምንም አያደርግም። ልምድ ያለው ሾፌር አስቀድሞ ይለያል። የነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ፣ ደጋግሞ ሳይረግጥ፣ እግሩን እዚያው እንዳቆየ ሞተሩን ያስነሳል። መስጫው ሙሉ ሲከፈት አየር በብዛት ይገባና የተጠራቀመውን ቤንዚን ያጸዳል። ጥቁር ጭስ ተፍቶ ከተነሳ ታፍኖ ነበር ማለት ነው። የሚሳሳተው ሰው ባልነሳለት ቁጥር እግሩን እያነሳ የሚረግጠው ነው፤ በእያንዳንዱ ርግጫ የማፋጠኛዋ ፓምፕ ተጨማሪ ቤንዚን ትረጫለች፣ የታፈነውንም ይብስ ታፍነዋለች።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ሾፌሮች ሥራ አቆሙ፤ ከዚያም አብዮቱ ተከተለ፣ ደርግም ሥልጣን ያዘ። በደርግ ዘመን ቤንዚን በራሽን ሲሆን፣ ነዳጅ የሚበላ መኪና ለባለቤቱ ከባድ ሸክም ሆነ። የገቡት መኪኖችም ላዳና ዋዝ ነበሩ። የላዳ ካርብሬተር የጣሊያኑ ዌበር በፈቃድ በሶቭየት ኅብረት የተሠራ ነው፤ ስለዚህ በጣሊያን መኪና ላይ የተገኘው ሙያ ለላዳም አገለገለ። ለደጋ ተብሎ የነሐሷን ቀዳዳ ማሳነስ በዚህ ጊዜ ተፈላጊ ሥራ ነበር። አንዳንዱ ግን የቁጠባውን ነገር አበዛው፦ ቀዳዳዋን ከልኩ በላይ ያጠበበ ሰው በሜዳው ላይ ቤንዚን ቆጠበ፣ በአቀበቱ ላይ ግን ቫልቭ አቃጠለ።

የላዳ ዘመን አጉልቶ ያሳየው ሌላ ቁም ነገር ደግሞ አለ። ካርብሬተሩ ተከስሶ ከሚመጣው መኪና ብዙው በእውነት የታመመው እሳቱ ነው። የብልጭታው ማቋረጫ ፑንቲና ሲበላ ወይም ክፍተቱ ሲዛባ ብልጭታው ይደክማል፤ የገባው ቤንዚን ሳይቃጠል ይወጣል፣ ጭሱም ሽታውም ቤንዚን የበዛበት ያስመስለዋል። የላዳ ፑንቲና ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ጥሩ ጋራዥ ካርብሬተር ከመንካቱ በፊት በመለኪያ ስስ ብረት ይህን ክፍተት ይለካል። ይህ ቅደም ተከተል የማይጠበቅበት ጋራዥ ደንበኛውን ያከስራል፤ ደህና ካርብሬተር ተፈትቶ በተገጠመ ቁጥር ብሎኖቹ ይላላሉ፣ የቤንዚን ወንፊቷ ትጣላለች፣ መኪናውም ከመጣበት የባሰ ሆኖ ይወጣል።

ላዳ ኢትዮጵያ ከመግባቷ በፊት በውጭው ዓለም አንዳንድ መኪኖች ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 ዲ ጄትሮኒክ የተባለውን በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ የነዳጅ መርጫ አወጣ፤ መጀመሪያ የተገጠመውም በቮልስዋገን 1600 ላይ ነው። ቀጥሎ ፖርሽ 914 እና ቮልቮ 1800ኢ ያዙት። ይህ ሥርዓት ለደጋ የሚበጅ ነገር ነበረው፦ በሞተሩ መግቢያ ያለውን ግፊት የሚለካው ሴንሰር፣ አየር የሌለባቸው የታሸጉ ቀጫጭን የብረት ጽዋዎች ስላሉት፣ የአየሩን መሳሳት ያውቃል። የሴንሰሩ ስስ የብረት ሽፋን ግን በዕድሜ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ሞተሩ ከባድ ጭነት ላይ ያለ መስሎት ቤንዚን ያበዛል፣ ይጨሳል፣ በሚኒሞ ይጠፋል። ዛሬ የእነዚያን መኪኖች ዕድሜ ጠገብ ሞተር የሚመረምር ሰው የሴንሰሩን ቱቦ ነቅሎ በእጅ ፓምፕ አየሩን ይስብበታል፤ ባዶነቱን ካልያዘ ተሰንጥቋል።

ከዚያ የተከተለው ኤል ጄትሮኒክ በአየር የሚገፋ በር ተጠቀመ። በሩ የአየሩን ክብደት በቀጥታ ስለማይለካ ደጋ ላይ የካርብሬተሩ ችግር በከፊል ተመለሰ፤ በአንዳንድ ሞዴል ላይ የከፍታ ሴንሰር የተጨመረውም ለዚህ ነው። የሁሉም ደካማ ጎን ግን የውሃውን ሙቀት የሚለካው ትንሽ ሴንሰር ነው። የቦሽ ሴንሰር በ20 ዲግሪ 2,500 ኦም ያህል፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም ያህል ያሳያል። ሽቦው ከተበጠሰ የኦሙ ቁጥር መጨረሻ የለውም፤ ኮምፒዩተሩ ሞተሩ በረዶ ላይ ያለ መስሎት ቤንዚን ያፈስበታል። ጠዋት ደህና ሆና ሲግል የምትታፈነው ቮልስ ችግር፣ በሌላ ዕቃ ላይ፣ እነሆ እንደገና ታየ። በ1976 እ.ኤ.አ. ቮልቮ ከቦሽ ጋር የማርሚታውን ጭስ የሚያሸት የኦክስጅን ሴንሰር በመኪና ላይ ገጠመ፤ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ስህተቱን ራሱ ማየትና ማረም ቻለ።

ይህ ቴክኖሎጂ ኢትዮጵያ ውስጥ የተስፋፋው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች ሲጎርፉ ነው። ካርብሬተር ያላት ኮሮላ ዲኤክስ ለረጅም ጊዜ ብትቆይም ቪትዝና መሰሎቿ ኢንጀክተር ይዘው መጡ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን የኦክስጅን ሴንሰርን ስለሚገድል፣ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እስከ 1998 ዓ.ም. እርሳሱን ማቆማቸው ለእነዚህ መኪኖች ዕድሜ ሆነላቸው። ጋራዡም ስካነር ገዛ። ስካነር ፒ0172 የሚል ቁጥር ሲያወጣ ነዳጅ በዝቷል ማለቱ ነው፤ ለምን እንደበዛ ግን አይናገርም። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተርም ሆነ የተበሳ የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ ያንኑ ቁጥር ሊያወጡ ይችላሉ። ኦክስጅን ሴንሰሩን ቁጥሩን አይቶ ብቻ የሚለውጥ ሰው የነገረውን ምስክር ቀጣ ማለት ነው። የግፊት መቆጣጠሪያውን መመርመር አሁንም አፍንጫ ይበቃዋል፦ ከሱ ወደ ሞተሩ የምትሄደውን ቀጭን የአየር ቱቦ ነቅሎ ማሽተት፤ ቤንዚን ከሸተተ ሽፋኑ ተበስቷል።

በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ በዓባይ ላይ ተመረቀ፤ አስፋልቱም አቧራውን ቀነሰው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ ውስጥ ግን ካርብሬተር በሌላ በር ተመለሰ። ባጃጅ ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አላት፤ ሰው ጭና በቀን ብዙ ጊዜ ትቆማለች፣ ትነሳለች። ለሚኒሞ ከዚህ የከፋ ሥራ የለም። ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን የቀዳ ሾፌር ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል፦ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ፈጥኖ አይተንም፣ ተሟጦም አይቃጠልም፣ ካንዴላውን ያጠቁረዋል። ካርብሬተሩ ቢፈታ አንዳች አይገኝበትም። ስለዚህ መካኒኩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቤንዚኑ የት እንደተቀዳ ነው። ከተጠራጠረ ጥቂት ጠብታ በወረቀት ላይ ያደርጋል፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ የተቀላቀለው የቅባት ክብ ይተዋል።

ጥፋቱ በእርግጥ ከማስተካከያው ከሆነ ሥራው እንዲህ ነው። ሞተሩ ይግላል፣ ማጣሪያው ይጸዳል፣ ካንዴላው ይለወጣል፣ ቾኩ መከፈቱ ይረጋገጣል። ከዚያ የሚኒሞው ፍጥነት ትንሽ ከፍ ይደረግና የድብልቁ ብሎን በሩብ ዙር እየተመዘነ ይዞራል፤ ሞተሩ ፈጥኖ በለሰለሰበት ቦታ ላይ ይቆምና ፍጥነቱ እንደገና ዝቅ ይደረጋል። ብሎኑ እስከ መጨረሻው ጠብቆም ጭሱ ካልቀነሰ ከብሎኑ በፊት ያለ ጥፋት አለ፤ ሰፍታ ያለቀች ቀዳዳ፣ ወይም የማይዘጋ መርፌ። ለቡሬ የተስተካከለ ሞተር ወደ እንጅባራ ሲወጣ ትንሽ ይከብደዋል፣ ወደ ዓባይ ሲወርድ ደግሞ አየር ይበዛበትና ይግላል፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚሠራ ሾፌር ብሎኑን ከልክ በላይ እንዲያጠብቁለት አይፈቅድም።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና አየር አይስብም፤ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፣ በጥቁር ጭስም አይታማም። በመንገድ ላይ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ግን አዲስ ተተኪ ስለማይመጣላቸው ከታሰበው ዕድሜ በላይ እንዲሠሩ ይደረጋሉ። የካርብሬተር ጥገና ዕቃ እየጠፋ ሲሄድ የነሐስ ቀዳዳና መርፌ ከቆሙ መኪኖች እየተፈቱ ይሸጣሉ። ከሌላ ሞተር የመጣች ቀዳዳ ቁጥሯ ላይዋ ላይ ተቀርጿል፤ ቁጥሯ ትልቅ በሆነ መጠን ብዙ ቤንዚን ታሳልፋለች። ሳይነበብ የተገጠመ ቁጥር ደግሞ ጥፋቱን አዲስ አድርጎ ይጀምረዋል፤ ስለዚህ ያረጀ መኪና ተቀብሎ የሚመረምር መካኒክ ካርብሬተሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያነበው ያንን ቁጥር ነው።